መንገድ ሲዘጋ መንገደኛው የማን ነው?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ

በ2012 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በተጋመሰበት ሰሞን በካምባ ወረዳ ከምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ደወሉልን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ስለ ሁለተኛው ምንጭ ግንባታና ገና ስላልደረሰው ሲሚንቶ ይጠይቁናል ብለን ስንጠብቅ፣ «ዲያቆን፣ ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ለትንሣኤ ኑ እንበላቸው ወይስ በዚያው ቅሩ እንበላቸው?» አሉን። ጠይቀን እንመልስልዎታለን አልናቸው። የጠየቅናቸው ሰዎች ግን እነርሱም ሌላ ሰው ይጠይቁ ነበር። መልስ ይዘን ስንደውል ሁለት ሳምንት አልፎ ከልጆቹ አንዳንዶቹ መንገድ ጀምረዋል።

ይህን ዛሬ የምናነሣው ለትዝታ ያህል አይደለም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በክልላችን በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተረጋገጠ ጊዜ ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ከዚያ የመጣ ዘመድ ቤት ይግባ? ለቅሶ ይኬድ? ገበያ ይዋል? ሁለቱ በሽታዎች በጠባያቸው የተለያዩ ናቸው። ኮሮና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ማርበርግ ደግሞ ከታመመው ወይም ከሞተው ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ። ስለዚህ ለአንዱ የታዘዘው ጥንቃቄ ለሌላው እንዳለ አይገለበጥም፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን የሚነግረን የጤና ባለሙያው ነው። ለአጥቢያ የተተወው ሥራ ሌላ ነው፤ እርሱም መንገድ ሲዘጋ በመንገዱ ላይ የቀረውን ሰው ምን እናድርገው የሚለው ነው። ይህን የሚመልስ መመሪያ ከላይ አይወርድም፤ ቢወርድም ዘግይቶ ነው።

የዚያ ጾም ሳምንታት

ነገሩ እንዴት እንደ ፈጠነ ለማስታወስ ቀኖቹን ከጾሙ እሑዶች ጋር አስማምተን ብናያቸው ይረዳናል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን ነበር። ዓርብ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሕሙም በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። እሑዱ መጻጉዕ ነው። በየአጥቢያው ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ላይ ስለ ቆየው በሽተኛ ሲሰበክ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚወራው ስለ አንድ መንገደኛ ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትላልቅ ስብሰባዎችም ታገዱ። በደብረ ዘይት ማግሥት መጋቢት 14 ከውጭ አገር የሚገቡ ሁሉ 14 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ የተወሰነው ሥራ ላይ ዋለ፤ የየብስ ድንበሮችም ተዘጉ። በገብር ኄር ሰሞን ክልሎች በየፊናቸው እንቅስቃሴን ይገድቡ ጀመር። የትግራይ ክልል የራሱን ዐዋጅ ቀድሞ ዐወጀ፤ በአማራ ክልል ባሕር ዳርና ጥቂት ሌሎች ከተሞች ለ14 ቀናት ተዘጉ። መጋቢት 22 ለነሐሴ ታቅዶ የነበረው አገራዊ ምርጫ በጊዜው ሊካሄድ እንደማይችል ምርጫ ቦርድ አስታወቀ። እሑድ መጋቢት 27 ኒቆዲሞስና ጥንተ ስቅለት በአንድ ቀን በዋሉበት ዕለት በአገራችን የመጀመሪያው ሞት ተሰማ። ረቡዕ መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 ቀን አጸደቀው።

ዐዋጁን ተከትሎ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፣ በሕዝብ መገኛ ቦታ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆነ፣ የሕዝብ መጓጓዣ ከወንበሩ ግማሹን ብቻ እንዲጭን ታዘዘ። ከመጀመሪያው ሕሙም እስከ ዐዋጁ ሃያ ስድስት ቀን ብቻ ነው። አንድ ሰበካ ጉባኤ በመደበኛ ጊዜ ቢሰበሰብ በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ይሰበሰብ ይሆናል።

ሌላው ዓለም ከዚህም በፈጠነ ሁኔታ ተዘግቷል። በህንድ መጋቢት 15 ማታ አገሪቱ በሙሉ ከአራት ሰዓት በኋላ እንደምትዘጋ ተነገረ። ከገጠር መጥተው በከተማ በቀን ሥራ የሚያድሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ባቡርና አውቶቡስ ሲቆምባቸው ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ትውልድ መንደራቸው በእግር ተጓዙ። ያን ጉዞ በቴሌቪዥን ያየ የጋሞ ሰው ሩቅ አገር አልመሰለውም።

ካምባ ላይ

ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ምዕራብ በደጋና በቆላ መካከል የተዘረጋ ወረዳ ነው። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ራሱ ለመዘጋት ዐዋጅ አይጠብቅም። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም፤ የካምባ ሰው የተዘጋ መንገድ አያስደነግጠውም፤ ሞተር ሲቆም በእግር ይሄዳል፣ ድልድይ ሲሞላ እስኪጎድል ይጠብቃል። ያስደነገጠው በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ራሱ የሚፈራ ነገር ሆኖ መገኘቱ ነው።

የጋሞ ደጋ ልጅ ለሥራ ከአገሩ መውጣቱ የቆየ ነገር ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌሎች ሰፈሮች በሽመና የሚተዳደሩት የጋሞ ልጆች ሠርተው የሚልኩት ገንዘብ የግብር፣ የማዳበሪያና የቀለብ መሸፈኛ ነው፤ ከኋላ የቀረው ቤተሰብ ደግሞ እንሰቱን ይጠብቅላቸዋል። ለመስቀል ሁሉም ይመጣል። ምእመናን የሆኑት ለትንሣኤም ይመጣሉ። በዚያ ዓመት ግን የሸማ ገበያው ቀዘቀዘ። ሠርግ ቆመ፣ በዓል የለም፣ ጎብኚ የለም፤ ጥበብና ነጠላ የሚገዛ ጠፋ። የቤት ኪራይ ግን አልቆመም። ለሸማኔው «በቤትህ ቆይ» ማለት የማይሸጥ ሸማ ይዘህ በኪራይ ክፍል ተቀመጥ ማለት ነበር። ወደ አገሩ መመለስ የፈለገው ግድ የለሽ ሆኖ ሳይሆን በአገሩ ቢያንስ ቆጮ ስለማይጠፋ ነው።

እዚህ ያለው ሥጋትም መልኩ ብዙ ነበር። የየወሩን መድኃኒት ከአርባ ምንጭ የሚያመጡ ሕሙማን ነበሩ። ሙዙና እህሉ የሚጭነው መኪና ካላገኘ ማን ይገዛዋል የሚል ነበር። ግማሽ ወንበሩ ባዶ የሚሄድ ቅጥቅጥ መኪና ዋጋ ሲጨምር፣ ቀድሞውንም ለመሳፈሪያ ተበድሮ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ተዘጋበት። ስልክ በደወልን ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቀው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጋሞኛ ብቻ ለሚሰሙ አረጋውያን ግን ቃሉን የሚፈታላቸው አጠገባቸው ካልኖረ ከድምፁ የሚቀራቸው ፍርሃቱ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ያድናል የሚለው ወሬ፣ ሎሚ ያድናል የሚለው ወሬ፣ በሽታው የከተማ ሰው ነው የሚለው ወሬ። የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ጎዳን፤ የከተማ ሰው የሚባለው የራሳችን ልጅ ነበርና።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። በዚያው መጋቢት ወር ለውኃ ኮሚቴ አባላት በአርባ ምንጭ ሥልጠና አዘጋጅተን ጠርተናቸው ነበር። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ እንኳ «ሁለት ቀን ነው፣ በጀቱም የዚህ ሩብ ዓመት ነው» ብለን አላስቀረነውም። ሦስት ከካምባ የመጡ አባቶች መመለሻ ሲፈልጉ መኪና የለም። አምስት ሌሊት በከተማ አድረው፣ በመጨረሻ ጭነት መኪና ለምነን ላክናቸው። አገራቸው ሲደርሱ ደግሞ «ከከተማ መጡ» ተብለው ዘመዶቻቸው ከሩቅ ሰላም አሏቸው። የውሎ አበል ከፍለናቸው ነበር፤ ውርደቱን ግን አልከፈልንም።

የሁለት ተመላሾች ነገር

በዚያች ጸሐፊው በደወሉልን አጥቢያ ሁለት ሰዎች ተመለሱ። አንዷ ቀድማ፣ ሌላው በኋላ። ልዩነታቸውን ደግመን ደጋግመን ያሰብንበት ነው።

ቀድማ የመጣችው በከተማ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት። ትምህርት ሲቆም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ቤቷ ተሰናበተች። በሦስተኛው ቀን ወደ ምንጩ ወረደች። ከሦስት ዓመት በፊት በፕሮጀክታችን የተገነባው፣ በምረቃው ዕለት የቆምንበትና የባረክነው ምንጭ ነው። በዚያ የነበሩ ሴቶች እንስራቸውን አንሥተው ራቁ፤ አንዷም ልጇን ከአጠገቧ ጎትታ ወሰደች። በማግሥቱ የቦንቡ ጠባቂ መጥቶ እናቷን «ልጅሽ እንዳትወርድ» አላት። ወፍጮ ቤቱም የቤታቸውን እህል አልፈጭም አለ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ጥንቃቄ ያደረጉ መስሏቸው ነው። የሰበካ ጉባኤው አባላት ሰምተው ዝም አሉ። እኛም በስልክ ሰምተን «ያሳዝናል» ከማለት በቀር ያደረግነው ነገር አልነበረም።

ልጅቷ በሌሊት ተነሥታ ከተራራው ማዶ በሌላ ቀበሌ ወደምትኖር አክስቷ ሄደች። በዚያ ከየት እንደ መጣች ለማንም አልተናገረችም። ከሰው ጋር በላች፣ ገበያ ወጣች፣ ለቅሶ ደረሰች። በኋላ እንደታወቀው አልታመመችም፤ ማንም በእርሷ ምክንያት አልታመመም። ቢኖርባት ኖሮ ግን ጎረቤቶቿ ራሳቸውን ጠብቀናል ሲሉ በሽታውን ወደ ሌላ ቀበሌ በላኩት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። ተመላሹን ያሳፈረ አጥቢያ መንገዱን አይዘጋም፤ መንገዱን በሌሊት ያደርገዋል። የሚሸሸግ ሰው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይናገርም፣ ወደ 8335 አይደውልም፣ ትኩሳት ሲጀምረው እንኳ ብርድ መታኝ ይላል። ርኅራኄና ጥንቃቄ ሁለት ተፎካካሪ ነገሮች አይደሉም። ርኅራኄው ሲጎድል ጥንቃቄውም ይፈርሳል።

ሁለተኛው ተመላሽ ሸማኔ ነው። የደረሰው ዐዋጁ በታወጀበት ረቡዕ መጋቢት 30 ማታ ነበር፤ እስከ አርባ ምንጭ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በሞተርና በእግር። በዚህ መካከል የልጅቷ ነገር በአጥቢያው ተሰምቶ የንስሐ አባቷ፣ አረጋዊ ቄስ፣ ከቅዳሴ በኋላ በተገኙት ጥቂት ሰዎች ፊት አልቅሰው ነበር። ስለዚህ ሸማኔው ከመድረሱ በፊት ሰበካ ጉባኤው ተነጋግሯል። ከቤቱ በታች በእንሰቱ ጓሮ ውስጥ የነበረች የእህል ጎጆ ተጠርጋ፣ ሣር ተጎዝጉዞባት፣ የውኃ ጄሪካንና ሳሙና ተቀምጦባት ጠበቀችው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጠርታ ምን መሆን እንዳለበት ነገረቻቸው፤ ስሙንም መዘገበች። ምግቡን ሚስቱ አዘጋጅታ በድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ትርቃለች፤ ተረኛ ጎረቤት ደግሞ እንጨት ያቀርባል። ሕፃናት እንዳይቀርቡ ያባታቸውን ድምፅ ከአጥር ወዲህ ሆነው ይሰማሉ። ትንሹ ልጅ «አባባ ለምን ታሰረ?» እያለ ያስለቅስ እንደ ነበር እናቱ ነግራናለች። ነገሩ ቀላል ነበር ብለን አናቀርበውም።

አረጋዊው ካህን በየቀኑ በሠርክ ወደ ጎጆዋ ይወርዳሉ። ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳሉ፤ በመስቀላቸው ከሩቅ ይባርኩታል። ስለ ሥራው፣ ስለ ኪራዩ፣ አዲስ አበባ ስለ ቀሩት ጓደኞቹ ይጠይቁታል። ከዚያ ወጥተው በመንገድ የሚያገኟቸውን ሁሉ «ከእገሌ ዘንድ ነው የመጣሁት፤ ደኅና ነው» ይላሉ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከብዙ ሥልጠናችን የበለጠ ሠርታለች፤ ካህኑ ሳያፍሩ የሚጠሩትን ስም ሌላው ሰው ለማፈር ይቸገራልና።

ትንሣኤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ሸማኔው ገና በጎጆዋ ነበር። በአዲስ አበባም በየአህጉረ ስብከቱም ሥርዓቱ በተወሰኑ ልዑካን ሲፈጸም ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነግሮ፣ የከተማው ሰው የትንሣኤን ሌሊት በቴሌቪዥን ተከታተለ። በዚች አጥቢያ ቴሌቪዥን የለም። አንዲት እናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ከትንሣኤ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም፤ ከቅጽሩ ውጭ ብቻቸውን በዛፍ ሥር ሌሊቱን ቆመው አነጉ። ማንም አላባረራቸውም፣ ማንም አልቀረባቸውም። ያን ጊዜ «እምነታችሁ ጎደለ፣ ቤተ ክርስቲያንን ባዶ አደረጋችሁ» የሚሉ ነበሩ፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንደዚያች እናት ያሉትን «ያልገባቸው» ብለው የሚገሥጹ ነበሩ። ለሁለቱም አንመሰክርላቸውም። ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ መሥዋዕቱ ስለ ቀሩትም ሁሉ ቀርቧል። የእናቲቱም ዕንባ ካለማወቅ የመጣ አይደለም።

በቀዳም ሥዑር ካህናት በየቤቱ እየዞሩ ቄጤማ ማደላቸው ቀርቶ ነበር። አረጋዊው ግን አንድ ዘለላ ቄጤማ ይዘው ወርደው ምግብ በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ አኖሩለት። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር በአንድ ሰው ፊት ሲቀርብ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የጋሞ አባቶች በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ሣር ይዘው የለመኑትን አገር ሁሉ አይቶታል። ሸማኔው ቄጤማውን በራሱ ላይ አስሮ ብቻውን ፈሰከ።

ከሰፈር ውጭ የሚወጣው ካህን

ይህ ያደረጉት ነገር ከየት የመጣ ነው ቢባል፣ አረጋዊው በጣታቸው የሚያሳዩት ኦሪትን ነው። በዘሌዋውያን 13 የለምጽ ምልክት የታየበትን ሰው ካህኑ ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ በሰባተኛው ቀን ያየዋል፤ ካልተለየለት ሌላ ሰባት ቀን ያቆየዋል። ድምሩ 14 ቀን መሆኑ በዚያ ሰሞን ብዙ ሰባክያንን አስደንቋል። እኛ ከቁጥሩ መገጣጠም ትንቢት ለማውጣት አንቸኩልም፤ በሽታውም ሌላ ነው። ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ አርባ ከሚል የጣሊያን ቃል የወጣ ነው። በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለችው የራጉሳ ከተማ በ1377 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንገደኞችን ሠላሳ ቀን ማቆየት ጀመረች፤ በኋላም አርባ ሆነ። ቁጥሩን የሚወስነው የበሽታው ጠባይ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር አለ። በምዕራፍ 14 ቁጥር 3 ላይ የተለየው ሰው የሚነጻበት ጊዜ ሲደርስ ካህኑ ከሰፈር ወደ ውጭ እንዲወጣ ታዝዟል። ሰውየው ወደ ሰፈር እስኪገባ ካህኑ በውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ከዚህ ይልቅ ለጉባኤ ጥናት የምንመርጠው ዘኍልቍ 12ን ነው። የሙሴ እኅት ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። በቁጥር 15 እንደ ተጻፈው እርሷ እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ አልተጓዘም። ሕዝብ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ድንኳኑን ሊነቅል ሲችል፣ ስለ አንዲት ሴት ሰባት ቀን ተቀመጠ። በእርግጥ ማርያም የተቀጣችው በሙሴ ላይ በመናገሯ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሸማኔና ከኮሌጅ የተመለሰች ልጅ ግን የተቀጡበት በደል የለም፤ ሕመምን ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ አድርጎ ማየትን ጌታችን በዮሐንስ 9 ከልክሎናል። ከታሪኩ የምንወስደው የሕዝቡን መቆየት ነው። መንገድ መዝጋት ለካ እንዲህም ይሆናል፤ ተለይቶ የተቀመጠውን ጥሎ ላለመሄድ የቀረው ሕዝብም ጉዞውን ማቆሙ።

ሐዋርያው ጳውሎስም መንገድ የተዘጋበት ሰው ነበር። ወደ ተሰሎንቄ ለመሄድ አንድና ሁለት ጊዜ ፈልጎ እንደ ተከለከለ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ጽፏል። በምዕራፍ 3 ደግሞ ያደረገውን ይነግረናል፤ እርሱ በአቴና ብቻውን ቀርቶ ጢሞቴዎስን ላከ። ደብዳቤውንም ጻፈ። መሄድ ያልቻለው ሐዋርያ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም በቅዳሴ ይነበባል። በካምባ ይህን ሥራ የሠራው ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ካርድ የሚሞላ ከተገኘ።

በመዝገቡ ላይ አንድ ዐምድ

አባቶቻችን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተረፉት ያለ ስልክና ያለ ጤና ኬላ ነው። ያ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ክፉኛ ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። ከዚያ ዘመን ለእኛ የቀረልን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ ነው። ጢሱን ወርሰናል፤ ማን ማንን እንዴት እንዳስታመመ፣ የተዘጋ ቤት ደጅ ማን ውኃ እንዳኖረ ግን የተጻፈ ብዙ አላገኘንም። ስለዚህ ለአጥቢያዎች የምናቀርበው የመጀመሪያ ነገር ጽሑፍ ነው።

እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምእመናን መዝገብ አለው። የቤተሰቡ ቁጥር፣ ዓመታዊ አስተዋፅኦው ይጻፍበታል። በዚያ ላይ አንድ ዐምድ ይጨመር፤ ከዚህ ቤት ከአጥቢያው ውጭ የሚኖር ማን ነው፣ በየትኛው ከተማ፣ ስልኩስ? ይህን በሰላሙ ጊዜ መሙላት አንድ ወር አይፈጅም፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን አይቻልም፤ ያን ጊዜ ሰው ልጁ የት እንዳለ መናገር ይፈራልና። መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ይቆይ፤ ለገበያ ወሬ የሚሆን ዝርዝር አይደለም። ዝርዝሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መነጋገር ካስፈለገም ቤተሰቡ እያወቀ ይሁን።

ቀጥሎ የመቆያው ቦታ ነገር አለ። ሁሉም ቤት የእህል ጎጆ የለውም። በአንድ ክፍል ስምንት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ «ለይታችሁ አቆዩ» ሲባል ከቤቱ ማን ይውጣ? የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ ማረፊያ የተሠራ ክፍል፣ ወይም ዘመኑ ያለፈበት ዕቃ ቤት አስቀድሞ ይታሰብ። ማን ያበስላል፣ እንጨቱ ከየት ይመጣል፣ ሌሊት ትኩሳት ቢነሣበት ማን ለጤና ጣቢያው ይደውላል የሚለው በስም ይወሰን። በስም ያልተወሰነ ነገር ለሴቶቹ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

በመንገድ ጉዳይ ያየነው ችግር ደግሞ ከሁሉ አሳሳቢ ነው። መኪና ሲቆም ወይም ዋጋው ሲያሻቅብ የሚጎዱት የየወሩ መድኃኒት ተቀባዮች፣ ወላዶችና የተላከላቸውን ገንዘብ ለማውጣት ወደ ባንክ የሚሄዱ አረጋውያን ናቸው። አንድ አጥቢያ ለነዚህ የሚሆን አንድ የሞተር ነጂ ቢያዘጋጅና ከወረዳው ጋር ፈቃድ ቢነጋገር፣ የመድኃኒቱንም ጉዳይ ከጤና ጣቢያው ጋር ቀድሞ ቢመክርበት፣ ብዙ ሰው ከአላስፈላጊ ጉዞ ይድናል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚሉን አሉ። በ2012 ዓ.ም. ያልተደገሰው ተዝካርና ያልታረደው በሬ የማን ኪስ ውስጥ እንደ ቀረ ጉባኤው ይወያይበት።

ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ ረዘም አድርገን ለመጻፍ በሚቀጥለው እትም እንሞክራለን፤ በተለይ ማርበርግን በመሰሉ በሽታዎች ሬሳ ማጠብና ማቀፍ ከሁሉ የሚያሰጋ ስለ ሆነ ከእድሮች ጋር በጋራ መነጋገር ይጠይቃል። ለጊዜው የንስሐ አባቶች ለልጆቻቸው አንድ ነገር ቢያስረዱ እንወዳለን፤ ፍትሐቱ ሙሉ የሚሆነው በጸሎቱ እንጂ በለቀስተኛው ብዛት አይደለም።

ለጉባኤ ውይይት የሚሆኑ ሁለት ጥያቄዎችን እናቅርብ። በአጥቢያችሁ በ2012 ዓ.ም. ከከተማ ተመልሶ የተሸማቀቀ ሰው ነበር? ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ እርሱ የሄደ አለ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ዕቅዱ መሄድ አይጠቅምም እንላለን። የተሸማቀቀው ሰው ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ለማን እንደማይናገር አስቀድሞ ወስኗልና።

እኛ ይህን ጥያቄ ለራሳችን ጠይቀን ባለፈው ዓመት ወደ ልጅቷ ቤት ሄደን ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ በሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች። አረጋዊው የንስሐ አባቷ ከማረፋቸው በፊት ሁለት ጊዜ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ እግራቸውም ሥር ወድቃለች። ይሁን እንጂ ለበዓል ስትመጣ፣ እናቷ እንደ ነገሩን፣ ውኃ የምትቀዳው ከወንዝ ነው። ወደ ምንጩ አትወርድም።

ኅዳር ላይ የጂንካው ዜና ሲሰማ የዚያች አጥቢያ ጸሐፊ በድጋሚ ደወሉልን። የዚህን ጊዜ የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውም፤ ያደረጉትን ሊነግሩን ነው። መዝገቡን ከፍተው ጂንካ ያሉትን የአጥቢያውን ልጆች ስም አውጥተው በየተራ ደውለውላቸዋል። ኑ አላሉም፣ አትምጡም አላሉም። የጤና ባለሙያዎቹ የሚሏችሁን ስሙ፤ ከመጣችሁ ግን በቀን ኑ፣ ቀድማችሁም ንገሩን፤ የጎጆዋ ጣሪያ ታድሷል ብለዋቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።